ከምሰሶው እስከ ምጣዱ፦ ኃይል፣ ፀሐይና ሰማይ በምዕራብ ጎጃም ጨዋታ

በምዕራብ ጎጃም ዞን ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ፀሐይ ኃይል፣ ስለ ሳተላይትና ስለ መንግሥት የሚሰነዘረው አስተያየት የሚሰማው ለዚሁ ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ አይደለም። የሚሰማው በወፍጮ ቤት ወረፋ፣ በቡና ላይ፣ በጠላ ቤት፣ በሰንበቴና በእድር፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ተናጋሪው መሐንዲስ አይደለም፤ ሐሳቡን ከእህል ዋጋ፣ ከማዳበሪያ ወረፋና ከክረምቱ አገባብ ጋር እያቀላቀለ ያወራዋል፤ በዚህም የተነሣ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጨዋታ እንደ ተራ ወሬ ያልፉታል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ተሰብስቦ ሲመረመር በውስጡ ወጥ የሆነ መለኪያ ይገኛል። መለኪያው አንድ ቴክኖሎጂ ስንት ቤት አበራ የሚል ሳይሆን ከሰው ጫንቃ ላይ ምን ያህል ሥራ አወረደ የሚል ነው። ይህ መለኪያ ከኃይል ምሕንድስና አንጻርም ትክክለኛ ሆኖ ሳለ አገር አቀፉ ክርክር ብዙ ጊዜ ሳያነሣው ያልፋል።

መስመሩ

ፍኖተ ሰላም የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ቡሬ ደግሞ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ሲያቀና ሌላው ወደ ደቡብ ወርዶ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። በዙሪያቸው ያሉት ጃቢ ጠህናንና ወንበርማ በበቆሎ፣ በበርበሬ፣ በጤፍና በዳጉሳ የታወቁ ናቸው፤ ወደ ደጋው ከፍ የሚሉት ደጋ ዳሞት፣ ቋሪትና ሰከላ ገብስና ድንች ያበቅላሉ። ላህ፣ ብር፣ ተምጫና ፈጣም የተባሉት ወንዞች እርስ በርስ ተገናኝተውም ሆነ በየፊናቸው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ግልገል ዓባይም ከሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል፣ ከጣና የሚወጣው ዓባይም ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ስለዚህ በዞኑ የሚዘንበው ዝናብ በየትኛውም ቁልቁለት ቢወርድ መድረሻው ያው ዓባይ ነው።

የዓባይ መድረሻ ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን 13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሜጋዋት የአንድ ሚሊዮን ዋት ስያሜ ነው፤ ዋት ደግሞ ኃይል በእያንዳንዷ ሰከንድ የሚመነጭበት ወይም ሥራ ላይ የሚውልበት ፍጥነት መለኪያ ነው። ለግንባታው ገንዘብ በቦንድ ግዥ፣ በደመወዝ መዋጮና በ8100 አጭር የጽሑፍ መልእክት ሲሰበሰብ የገጠሩ ገበሬም እንደ አቅሙ ተሳትፏል፤ በመሆኑም ግድቡ በምዕራብ ጎጃም ጨዋታ ውስጥ የሚነሣው እንደ ሩቅ የመንግሥት ሥራ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ድርሻ እንዳለው የጋራ ንብረት ነው። ኩራቱ እውነተኛ ነው፤ ከኩራቱ ጋር የሚመጣው ጥያቄም እንዲሁ።

ጥያቄው የሚጀምረው ከራስ በላይ ከሚያልፈው ሽቦ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋዋት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ኃይሉን ወደ መሐል አገር የሚልከው በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሱሉልታ በሚዘልቀው የ400 ኪሎቮልት መስመር ሲሆን፣ ትላልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ኩራዝና ላምባ ገና ባልተሰናበቱባቸው የገጠር ቀበሌዎች በላይ ያልፋሉ። ከምሰሶው ሥር በቆሎ የሚኮተኩት ሰው መስመሩ በላያችን እያለፈ ለእኛ የማይወርደው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ቴክኒካዊም ፖለቲካዊም ነው፤ ቴክኒካዊው መልስ ተሟልቶ ሳይነገር ሲቀር ደግሞ ፖለቲካዊው ግምት ብቻውን ይቀራል።

ቴክኒካዊው መልስ የሚከተለው ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲጓዝ ከፊሉ ወደ ሙቀትነት ተለውጦ ይባክናል፤ ብክነቱ በሽቦው ውስጥ ከሚያልፈው ጅረት ብዛት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጅረቱ በእጥፍ ሲጨምር ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ለማስቀረት ኃይሉ ከማመንጫው እንደወጣ ቮልቴጁ እጅግ ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ ቮልቴጅ ሲጨምር ያንኑ ኃይል ለማሻገር የሚያስፈልገው ጅረት ይቀንሳልና። ቤት ውስጥ የሚሠራው አምፖል ግን የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። በ400 ሺህና በ220 ቮልት መካከል ያለው ርቀት የሚወረደው በእርከን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ በግዙፍ ትራንስፎርመሮች፣ ቀጥሎ በ33 ወይም በ15 ኪሎቮልት የማሠራጫ መስመር፣ በመጨረሻም በመንደሩ ምሰሶ ላይ በሚሰቀለው ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። ከትልቁ መስመር ላይ በቀጥታ ለአንድ ቀበሌ መቅዳት ስለማይቻል፣ ለአንድ መንደር ተብሎ ማከፋፈያ ጣቢያ መሥራትም እጅግ ውድ ስለሆነ ኃይሉ በላይ ያልፋል። በዚህ ላይ የጎጃም ገጠር ቤቶች በየኮረብታውና በየማሳው ዳር ተበታትነው የተሠሩ ናቸው፤ በ220 ቮልት የሚሄድ ሽቦ ደግሞ ከትራንስፎርመሩ ብዙ ሲርቅ ጉልበቱ ስለሚደክም ለጥቂት ቤቶች ብዙ ምሰሶ፣ ብዙ ሽቦና ተጨማሪ ትራንስፎርመር ይጠይቃል።

አስተዳደራዊው ገጽታም መጨመር አለበት። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ፣ ማመንጨትና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈልና ሒሳብ መሰብሰብ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። በዓለም ዜና የሚታየው ግድቡ የመጀመሪያው ተቋም ሥራ ነው፤ ገበሬው የሚጠብቀው ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ የሁለተኛው ነው። ለግድቡ የተዋጣው ገንዘብና የታየው አገራዊ ርብርብ በማከፋፈሉ ሥራ ላይ በተመሳሳይ መጠን አልታየም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር እስከ 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሁሉም ቤት፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር ቀሪውን 35 በመቶ ደግሞ በፀሐይና በመሳሰሉት ከመስመር ውጭ በሆኑ መንገዶች ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ የተባለው ዓመት ሲደርስ ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ወረፋ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ውጭ ሽያጭ የሚሰነዘረው አስተያየት ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ ይህም በጨዋታው ውስጥ ቤቱ ጨልሞ ለጎረቤት ይበራል ተብሎ ይነቀፋል። ሽያጩ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ የመነጨ ኃይል ወዲያውኑ ካልተጠቀሙበት የሚባክን ስለሆነና የውጭ ምንዛሪው ለብድር ክፍያና ለመለዋወጫ ዕቃ ስለሚያስፈልግ፣ ጅቡቲ ባትገዛውም ኃይሉ ትራንስፎርመር ወደሌለው የወንበርማ ቀበሌ አይሄድም ነበር። ይሁን እንጂ ነቀፋው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከሽያጩ የተገኘው ገቢ የትኛውን ምሰሶ እንደተከለ በግልጽ የሚናገር ሰው እስካልኖረ ድረስ፣ በማመንጨት የተገኘው ድል ወደ ማከፋፈል አልተሻገረም የሚለው ፍርድ ጸንቶ ይቆማል።

አምፖልና ምጣድ

መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ሶላር ደርሷል። በቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ላይ፣ የሳር ክዳን ባለው ቤት ደግሞ በደጃፉ በቆመ እንጨት ላይ፣ ከመጽሐፍ ገጽ ብዙም የማይሰፋ ጥቁር ሰሌዳ ታስሮ ቀጭን ሽቦ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ይታያል። ሰሌዳው ከሲሊኮን የተሠራ ሲሆን ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ተነቃቅተው ጅረት ይፈጥራሉ፤ ጅረቱ ቀን ባትሪ ይሞላል፣ ማታ አምፖል ያበራል፣ ሞባይል ቻርጅ ያደርጋል። ይህ ትንሽ ዕቃ ያመጣው ለውጥ ሊናቅ አይገባም። የኩራዝ ጭስ ከሕፃናት ዓይንና ሳንባ ርቋል፤ የላምባ ወጪ ቀርቷል፤ ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ስትረዳ የሚረዷት ሰዎች የሚሠሩትን ያያሉ፤ ሞባይልን ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የገበያ ቀን ጠብቆ ከተማ መውረድም ቀርቷል።

ይሁን እንጂ በዚያው ቤት ምድጃው ያለበት ጥግ እንደ ድሮው ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እናት ወይም ትልቋ ልጅ ከምጣዱ ፊት ተንበርክካ ጭራሮውን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉንና ኩበቱን በየጊዜው ትማግዳለች፤ አንድ እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱ ታስሶ ሙቀቱ እስኪመለስ እሳቱ ይቆሰቆሳል፣ ጭሱም መውጫ አጥቶ ከማገሩ ሥር ይንሳፈፋል። በጣሪያው ላይ ያለው ሰሌዳና በጥጉ ያለው ምጣድ በአንድ ቤት ቢኖሩም በኃይል መጠን ሲታዩ የተለያየ ዓለም ናቸው።

ልዩነቱን ቀላል ሒሳብ ያሳየዋል። አሥር ዋት አቅም ያለው ሰሌዳ በቀን ለአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰበስበው 50 ዋት ሰዓት ነው፤ ዋት ሰዓት ማለት የአንድ ዋት ኃይል ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚያልቀው የጉልበት መጠን ነው። በከተማ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ለአንድ ሰዓት ቢጋገርበት 3,500 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ማለት ያ ሰሌዳ ምንም ሳይጠቀሙበት ለ70 ቀን ያጠራቀመው ሁሉ ለአንድ ሰዓት መጋገሪያ ብቻ ይበቃል። የመንደር ወፍጮ ሞተር ከ7 እስከ 15 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ7 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዋት ስለሚፈልግ ንጽጽሩ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ባለ አንድ አምፖል ቤት «ኤሌክትሪክ ደርሶታል» ተብሎ በሪፖርት ላይ ሲመዘገብ ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሴቲቱ የሥራ ቀን ግን በአንድ ሰዓት እንኳን አላጠረም።

በወፍጮ ቤት ወረፋ የሚሰማው አስተያየት ከዚህ ሒሳብ ጋር በትክክል ይገጥማል። በቆሎና ዳጉሳ በአህያና በሸክም ተጭኖ ይመጣል፤ የናፍጣው ሞተር ሲነሣ ድምፁ ከማዶ ይሰማል፣ ዱቄቱ በወፍጮው ባለቤት ቅንድብ ላይ ይቀመጣል፤ ናፍጣ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ወረፋው ይረዝማል፣ የማስፈጫው ዋጋም ይጨምራል። በእንዲህ ያለው ቦታ ስለ ታዳሽ ኃይል ሲነሣ ሰዎች የሚጠይቁት ስለ አምፖል አይደለም፤ የሚጠይቁት ሶላሩ ወፍጮ ያዞራል ወይ፣ ከወንዝ ውሃ ይስባል ወይ የሚል ነው። ውሃ ለመሳብ መልሱ አዎን ነው፤ በበጋ ሽንኩርትና ድንች በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች የሚጠቀሙበትን የቤንዚን ፓምፕ በፀሐይ ፓምፕ መተካት ይቻላል፣ ምክንያቱም ውሃ የሚፈለገው ፀሐይ በበረታችበት ወቅትና ሰዓት ስለሆነ ውድ የሆነው ባትሪ አያስፈልግም። ወፍጮውም በፀሐይ ሊዞር ይችላል፤ ግን በአንድ ቤት ጣሪያ ሳይሆን በርካታ ሰሌዳዎች በአንድ ቦታ ተተክለው ለመንደሩ በጋራ በሚያመነጩበት አነስተኛ የመንደር ማሠራጫ ነው።

ለምጣዱ የቀረቡት መፍትሔዎች ከአምፖሉ ያነሰ ትኩረት አግኝተዋል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው በሦስት ጉልቻ ከሚጋገርበት ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ የተስፋፋው የባዮጋዝ ፕሮግራም የከብት እበት ከውሃ ጋር ተደባልቆ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣውን ጋዝ ለምድጃ ያቀርባል፤ ዝቃጩም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን የጋዝ ምድጃው ነበልባል ለወጥና ለቡና የሚስማማ ጠባብ ነበልባል ሲሆን እንጀራ ግን ሰፊና እኩል የሆነ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከቤቱ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ በመሆኑም ባዮጋዝ ያስገባ ቤት ኩበት ማንደዱን አልተወም። ኩበት ሲነድ የሚጎዳው ሳንባ ብቻ አይደለም፤ ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት ለምነት አመድ ይሆናል፣ ማሳው የጎደለበትን ለመሙላትም ቤተሰቡ ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። በማዳበሪያ ወረፋ ላይ የሚሰማው ምሬትና በምድጃው ያለው ጭስ የአንድ ጉዳይ ሁለት ፊት ናቸው።

የወቅቱ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጎጃም ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን የሶላር ባትሪ በወጉ አይሞላም፤ በእነዚሁ ወራት ግን ወንዞቹ ሞልተው ግድቦች ይጠግባሉ። በበጋ ደግሞ ውሃው ሲቀንስ ፀሐይዋ ትበረታለች። ውሃና ፀሐይ በወቅት ተቃራኒ በመሆናቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ግድብ ባለበት አገር ቀን በፀሐይ እየተሠራ ውሃውን ለማታ ማቆየት ስለሚቻል ግድቡ ራሱ ትልቅ ባትሪ ይሆናል። ኢትዮጵያ በነፋስ በአሸጎዳ 120፣ በአዳማ ሁለት ጣቢያዎች ደግሞ በድምሩ 204 ሜጋዋት ስትተክል የተከተለችው ይህንኑ መርህ ነው፤ ነፋሱም በአብዛኛው የሚበረታው በደረቁ ወቅት ነውና። በፀሐይ ግን አገሪቱ እስካሁን ያላት ትልቅ ማመንጫ ካላት ሀብት ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

ሰማይ

የሕዋ ሳይንስ ለጎጃም ገጠር እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በአብነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዘንግቷል። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ከፀሐይና ከጨረቃ ዑደት እያሰላ የሚያወጣ የቀመር ትምህርት ነው። የ2018 ዓ.ም. ሒሳብ ቢወሰድ፣ 5500 ዓመተ ኩነኔ ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12 የዓመቱ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132 ሲሆን በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፣ ይህም አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ 228 ሲሆን በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፣ ይህም መጥቅዕ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። አሥራ አንዱ የተገኘው 365 ቀን ያለው የፀሐይ ዓመት 354 ቀን ካለው የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ስለሚበልጥ ነው፤ ማካፈያው አሥራ ዘጠኝ የመጣው ደግሞ 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚገጥሙ ነው። ይህን በቃሉ የሚቀምር ተማሪ ቆሎ በኮረጆ ይዞ በየመንደሩ እየለመነ ይኖራል፤ ሰማዩን በቁጥር ማወቅ ከድህነት ጋር አብሮ ሊኖር እንደሚችል ለብዙ ዘመን አሳይቷል።

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ በጎጃም ሰማይም የፀሐይዋ አብዛኛው ገጽ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ 72 ኪሎግራም የምትመዝነው ኢትአርኤስኤስ አንድ፣ ከቻይናው የታይዩዋን ማእከል ተወንጭፋ ምድርን መቃኘት ጀምራለች፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም በእንጦጦ ተተክሏል። በወቅቱ የሚበላው የቸገረው ሕዝብ እያለ ሳተላይት ምን ያደርጋል የሚለው አስተያየት በከተማም በገጠርም ተሰምቷል። አስተያየቱ ከላይ የተጠቀሰውን መለኪያ ይዞ የመጣ ስለሆነ በዚያው መለኪያ መመለስ ይኖርበታል፤ ሳተላይት ከሰው ጫንቃ ላይ የሚያወርደው ሥራ አለ ወይ?

መልሱ ያለው በገበሬው ሳጥን ውስጥ ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሆነ አረንጓዴ ደብተር ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ምዝገባ ድንበርን የሚገልጸው በምሥራቅ እከሌ፣ በምዕራብ እከሌ እያለ በጎረቤት ስም ነበር፤ ጎረቤቱ ሲሞት ወይም መሬቱን ሲያከራይ ድንበሩም አብሮ ይደበዝዛል። ሁለተኛ ደረጃ በተባለው ምዝገባ ግን ከሰማይ የተነሣ ምስል በወረቀት ታትሞ ወደ ማሳው ይወሰዳል፤ ባለመሬቱና አዋሳኞቹ በተገኙበት ድንበሩ በምስሉ ላይ ይሠመራል፣ የማሳው ካርታም ከባለይዞታዎቹ ስም ጋር ይሰጣል። በባልና ሚስት ስም የተመዘገበ ካርታ ባሏ የሞተባትን ሴት ከድንበር ገፊ ዘመድ ጋር በሚኖራት ክርክር ይረዳታል። በጎጃም ገጠር ከድንበር ግፊ የተነሣ ስንት ደም እንደፈሰሰ የሚያውቅ ሰው ይህን አገልግሎት እንደ ቅንጦት አያየውም። ስለ ሳተላይት ጥቅም የሚሰጠው ይፋዊ ማብራሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ አገር ክብር ይናገራል እንጂ ስለዚህ ካርታ አይናገርም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ስሙ የገነነውን የዋሸራን ስም የያዘ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ምርምር ማእከል ይገኛል። ጂኦስፔስ ምድርን የከበበው የቅርብ ሕዋ ነው፤ በውስጡ ያለው አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የአየር ክፍል በፀሐይ ጨረር የተነሣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ይሞሉታል። ኢትዮጵያ በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ይህ ክፍል በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሰማይዋ ላይ ይታወካል፤ በመሆኑም ከሳተላይት የሚመጣው የአቅጣጫ ጠቋሚ ምልክት ይዛባል። ማሳ የሚለካው ባለሙያ በእጁ የያዘው መሣሪያ የሚሳሳትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነውና ለዓለም ሳይንስ የሚጠቅመው ጥናት ለጃቢ ጠህናን የማሳ ድንበርም ይጠቅማል።

ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በዚህ አካባቢ ስለ ሰማይ የሚነገረው ነገር ተለውጧል። በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጦርነት ሲስፋፋ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ ነሐሴ 7 ቀን ደግሞ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ገልጸዋል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በዚህም ተማሪ ከትምህርቱ፣ ነጋዴ ከዋጋ መረጃው፣ በውጭ ያለ ልጅ ከእናቱ ድምፅ ተለይቷል። ልጆች በሰማይ የሚያልፈውን ድምፅ በየዓይነቱ መለየት በሚማሩበት አገር ስለ ቴክኖሎጂ በጥቅሉ በጎ ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ከላይ የሚያይ መሣሪያ ድንበር ያጸናል፤ ከላይ የሚያይ መሣሪያ ይገድላልም። ልዩነቱ ያለው በመሣሪያው ላይ ማን እንደሚያዝዝና ለሕይወቱ የሚሰጋው ሰው የሚጠይቅበት ሕግና ዳኛ ያለው በመሆኑና ባለመሆኑ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ለምን ዘገየ ብሎ ከመጠየቅ መብት ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ደለል

ስለ ሕዳሴ ግድቡ በሚደረገው ክርክር ብዙም ያልተነሣ አንድ የምዕራብ ጎጃም ድርሻ አለ። በደምበጫ አካባቢ የምትገኘው አንጀኒ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ናት፤ በ113 ሔክታር ተፋሰስ ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ፣ የሚወርደው ጎርፍና ጎርፉ የሚሸከመው አፈር ተለክቷል። ተዳፋት በሆነና እርከን ባልተሠራለት የሙከራ መሬት ላይ በዓመት ከአንድ ሔክታር ከ100 ቶን የሚበልጥ አፈር መታጠቡ ተመዝግቧል። መቶ ቶን አፈር በሔክታሩ ላይ እኩል ቢነጠፍ 8 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ይህን ያህል አፈር ለመፍጠር ተፈጥሮ የብዙ ሰው ዕድሜ ይፈጅባታል። በጣቢያው የተሞከረው ፋንያ ጁ የተባለው እርከን በማሳው አግድም ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ጎን የሚጣልበት ነው፤ ከላይ የሚወርደው አፈር በግንቡ እየተያዘ በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱ ወደ ደረጃ ይለወጣል።

እርከን ያልያዘው አፈር ወደ ብርና ወደ ተምጫ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ወንዙ ግድቡ ወደሠራው ሐይቅ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል፤ ይህ ደለል የሐይቁን የመያዝ አቅም በየዓመቱ ይቀንሳል። ግድብ የሚሞተው ኮንክሪቱ ሲያረጅ ሳይሆን ሆዱ በደለል ሲሞላ ነው፤ በሱዳን በዚሁ ወንዝ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የሮዛይረስ ግድብ ከመያዝ አቅሙ ትልቅ ክፍል በደለል በማጣቱ በኋላ ከፍታው እንዲጨመር ተገዷል። ስለዚህ በደጋ ዳሞት ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን የተርባይኖቹን ዕድሜም ይጠብቃል።

ይህ ሥራ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ በዘመቻ የሚሠራ ሲሆን ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ የሚወጣው ያለ ክፍያ ነው። በሥራው ላይ ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ ጉልበቱ እንደ ግዴታ እንጂ እንደ መዋጮ አይቆጠርም የሚል ነው፤ ቅሬታው ፍትሐዊ ነው። ለቦንድ የከፈለ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወለድም ይታሰብለታል፤ ለግድቡ ዕድሜ ጉልበቱን ለከፈለ ሰው ግን የሚያዝ መዝገብ የለም። የላይኛው ተፋሰስ የጉልበት ዋጋ በኃይል ሽያጩ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ለወፍጮ ቤት፣ ለመስኖ ፓምፕና ለምጣድ የሚበቃ መስመር ወደ ቀበሌው ለማውረድ ቢውል፣ ሥራውም ክፍያውም በአንድ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ለማስላት አዲስ ጥናት እስኪጠና መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከአንጀኒ መጀመር ይቻላል፦ የአፈሩ ልክ በጣቢያው መዝገብ አለ፣ በዘመቻ የዋለው የሰው ቀን በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቆጠራል፣ የአንድ ትራንስፎርመር ዋጋም የታወቀ ነው።